ገንዘብ የማይጣልበት የክረምት ዕቁብ

ሰኔ ሲያልቅ የትምህርት ቤት በር ይዘጋል፤ የወላጅ ጭንቀት ግን ያን ጊዜ ይከፈታል። ልጁ የፈተና ውጤቱን ይዞ ቤት ከገባ በኋላ እስከ መስከረም ድረስ ሐምሌና ነሐሴ ከነጳጉሜያቸው ይቀራሉ፤ ይኸውም ቢያንስ 65 ቀን መሆኑ ነው። በእነዚህ ቀኖች ልጁ ምን ይሠራል? ከማን ጋር ይውላል? የሚሉት ጥያቄዎች በየቤቱ ይነሣሉ። ብዙውን ጊዜ ግን መልሱ የሚገኘው ከወላጁ ሐሳብ ሳይሆን ከወላጁ ኪስ ነው። ኪሱ የሞላለት ልጁን ይዞ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ይሄዳል፤ ኪሱ የጐደለበት ደግሞ «የእኔ ልጅ ምን ክረምት አለው!» ብሎ ዝም ይላል።

ይህ ጽሑፍ የታሰበው ለሁለተኛው ሰው ነው። ይልቁንም ደመወዙ ከወር እስከ ወር እየተንጠራራ ለሚደርስለት ወጣት የመንግሥት ሠራተኛና ታናናሾቹ «ዛሬስ የት እንሂድ?» እያሉ ለሚያስጨንቁት ተማሪ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ለይተን እንወቅ። በውጭ አገር መጽሔትና በስልካችን መስኮት የምናየው የልጆች ዕረፍት ፀሐይ የሞላበት፣ አሸዋና ባሕር ያለበት ነው። የአውሮፓ ልጅ ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው ሙቀቱ ሲበረታ ነው፤ የእኛ ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው ዝናሙ ሲበረታ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ፣ በየወሩ፣ ከ200 ሚሊሜትር የሚበልጥ ዝናም ታገኛለች። እንግዲህ የእነርሱን የዕረፍት ዕቅድ እንዳለ ገልብጦ መያዝ በሐምሌ ጭቃ ላይ ነጭ ሱሪ ለብሶ እንደ መውጣት ነው። ዝናሙም ቢሆን የራሱ ልማድ አለው፤ ብዙ ጊዜ ጧት ብራ ይሆንና ከቀትር በኋላ ይጥላል። ስለዚህ የእኛ ክረምት ዕቅድ በሁለት ሊከፈል ይገባዋል፤ ጧት ለእግር፣ ከቀትር በኋላ ለእጅና ለአፍ ጨዋታ።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። በክረምት ለልጆቻችን የሚጐድላቸው ምንድን ነው ብለን ብንመረምር ገንዘብ ሆኖ አናገኘውም። የሚጐድላቸው አብሮ የሚሄድ ትልቅ ሰው ነው። ሙዚየሙ አለ፤ ተራራው አለ፤ ቤተ መጻሕፍቱ አለ፤ ጠጠሩና ገመዱም አለ። እጁን ይዞ መንገድ የሚያሻግር፣ «ይህ ምንድን ነው?» ሲባል የሚመልስ ሰው ግን የለም። አባትና እናት ከሥራ ሲመለሱ ደክሟቸዋል፤ ልጁም በሩ ከውስጥ ተቈልፎበት ከስልክና ከቴሌቪዥን ጋር ይውላል።

በሩ ያልተቈለፈበት ልጅ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጠብቀዋል። ቀበናን የመሳሰሉት የከተማችን ወንዞች በበጋ ልጅ ዘሎ የሚሻገራቸው ናቸው፤ በክረምት ግን በእንጦጦ ላይ የጣለው ዝናም ምንም ዝናም ወደሌለበት ሰፈር በድንገት ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። የድንጋይ ካባ የወጣባቸው ጉድጓዶችም ውኃ ያቍሩና ለልጅ ዓይን መዋኛ ይመስላሉ። በየክረምቱ ለዋና ብለው ገብተው የሚቀሩ ልጆች ዜና የምንሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ነገሩ የመዝናናት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ልጅን በሕይወት ወደ መስከረም የማድረስ ጉዳይም ነው።

የጐደለው የሰው ጊዜ ከሆነ፣ ጊዜን የምናጠራቅምበት ዘዴ መፈለግ አለብን። ይህን ዘዴ ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልገንም። ገንዘብ ሲያጥረን አባቶቻችን ያወረሱን ዕቁብ አለን። አንዱ ሰው ብቻውን የማይችለውን ብዙዎች በየተራ ይችሉታል። ታዲያ ስለ ምን በገንዘብ ፈንታ ቀን የሚጣልበት ዕቁብ አንገባም?

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ግቢ ወይም በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ያሉ አራት ቤተ ሰቦች ይስማማሉ። በየቅዳሜው አንድ ትልቅ ሰው የአራቱንም ቤት ልጆች ይዞ ይወጣል። ተራው በዕጣ ይለያል። ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ዘጠኝ ያህል ቅዳሜ ስላለ ለአንድ ቤት የሚደርሰው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው። ልጁ ግን ዘጠኙንም ቅዳሜ ይወጣል። ሁለት ቀን ጥሎ ዘጠኝ ቀን የሚወሰድበት ዕቁብ ከወዴት ይገኛል?

ዕቁብ ያለ ሕግ አይጸናምና ሕጉም ይኑር። ዳኛ አንድ፣ ጸሐፊ አንድ ይመረጥ። ጸሐፊው የልጆቹን ስምና የወላጆቻቸውን ስልክ ቍጥር በወረቀት ጽፎ ለተረኛው ይስጥ። እያንዳንዱ ተረኛ ዋስ ይጥራ፤ ቢታመም ወይም መሥሪያ ቤቱ ቢጠራው ዋሱ በእርሱ ፈንታ ይውጣ። ለአንድ ትልቅ ሰው ከስድስት የሚበልጥ ልጅ አይሰጥ፤ ከበዙ ሁለት ሰው ይሂድ። ጧት በሁለት ሰዓት ተነሥቶ ዝናሙ ሳይመጣ በሰባት ሰዓት ቤት መግባት የታወቀ ይሁን። እያንዳንዱ ልጅ ውኃውን፣ ቆሎውን ወይም ዳቦውንና የዝናም ልብሱን ይያዝ። የዝናም ልብስ የሌለው እንደሆነ ትልቅ ላስቲክ ተቀዶ አንገትና እጅ ቢወጣለት ይበቃል። በመንገድ ላይ የሚገዛ ነገር አይኑር፤ አንዱ ልጅ ገዝቶ ሌላው ሲያይ ዕቁቡ በሁለተኛው ሳምንት ይፈርሳልና።

አሁን ደግሞ የት እንደሚኬድ እንይ። ለአዲስ አበባ ልጅ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ ላይ ቢውሉ መልካም ነው። መንገዱ እስከ አራት ኪሎ ድረስ ቍልቍለት ስለሆነ ሕፃንም አያደክም። በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በፋሽስቶች እጅ ያለቁትን ወገኖቻችንን ያስታውሳል። በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጹትን ምስሎች ልጆቹ ራሳቸው ዞረው ይዩአቸውና ያዩትን ይናገሩ፤ ትልቁ ሰው ከዚያ በኋላ ታሪኩን ይጨምርላቸው።

ከሐውልቱ ፊት ለፊት ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ. ም. ሲመሠረት ግቢው የትምህርት ቦታ ሆነ፤ ዛሬ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ከቤቱ ፊት ለፊት ወደየትም የማያደርስ አንድ ጠምዛዛ ደረጃ ቆሟል። ፋሽስቶች የሠሩት ሲሆን እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ዓ. ም. ጀምሮ አንድ አንድ ዓመት እንዲያመለክት የታሰበ ነበር። ከነጻነት በኋላ በአናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ልጆቹ እርከኑን ይቍጠሩ፤ ቀጥሎም «አንበሳው ስለ ምን ከላይ ተቀመጠ?» ተብለው ይጠየቁ። የስምንት ዓመት ልጅ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ መስማት ከመግቢያው ዋጋ ይበልጣል።

ትንሽ ወረድ ሲሉ በአምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በዚህ ቤት ልጆች አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ድንቅነሽ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ. ም. በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው ይህች አጽም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት፤ የተገኘውም የአካሏ 40 በመቶ ያህል ነው። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው መሆኑን ለልጆቹ በግልጽ መንገር ይገባል፤ ልጅ በኋላ ሲያውቀው እንደ ተታለለ ይቈጥረዋልና። ከዚያም ስለ ሰላም ይነገራቸው። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ1993 ዓ. ም. በዲኪካ ያገኟት ሰላም ስትሞት ዕድሜዋ ሦስት ዓመት ያህል ነበር፤ የኖረችውም ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። «እርሷም እንደ አንቺ ትንሽ ልጅ ነበረች» ሲባል የትንሿ ልጅ ዓይን እንዴት እንደሚበራ ያየ ሰው ሁሉ ያውቃል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጕዞው ከአራት ኪሎ ይጀመር። በአደባባዩ ያለው ሐውልት የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ. ም. የድል መታሰቢያ ነው። ከዚያ ጥቂት እንደተሄደ በታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ለልጆች የተለየ ክፍል ስላለው ዝናሙ ቀድሞ ቢጀምርም መጠጊያ ይሆናል። በመጨረሻም ፒያሳ ላይ በየካቲት 2016 ዓ. ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። እንግዲህ አንድ ልጅ በሁለት ጧት ውስጥ ከድንቅነሽ እስከ ዓድዋ፣ ከዓድዋ እስከ የካቲት 12፣ ከየካቲት 12 እስከ ድሉ ቀን በእግሩ ተመላለሰ ማለት ነው። ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ በሰሌዳ ላይ ሲያስተምር ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? ሙዚየሞቹ የሚከፈቱበትን ሰዓትና ለልጆች የሚያስከፍሉትን ዋጋ ግን ተረኛው አስቀድሞ ጠይቆ ይወቅ።

ሦስተኛው ቅዳሜ የእንጦጦ ይሁን። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚህ ተራራ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በፊት የተቀመጡበት ስፍራና የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ። ልጆቹ ከተማይቱን ቍልቍል እያዩ የራሳቸውን ሰፈር ይፈልጉ። በ2013 ዓ. ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ ገንዘብ የሚከፈልባቸው ጨዋታዎች ስላሉ ወደ እነርሱ እንደማይኬድ ገና ከቤት ሳይወጡ መነጋገር ይሻላል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው፤ ዘሩም የአውስትራልያ ነው። ጽድና ኮሶ ግን የአገራችን ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ የወደቀ ቅጠል ብቻ ለቅሞ፣ «ይህ የእኛ፣ ይህ የእንግዳ» እያለ ይለይ። ቅጠሉ በአሮጌ ደብተር መካከል ተጭኖ ቢደርቅ በመስከረም ለሳይንስ መምህሩ የሚያሳየው ነገር ይሆንለታል። ከ700 ሔክታር በላይ ስፋት ያለው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም ለዚሁ ጕዳይ ማለፊያ ቦታ ነው።

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ሲጠቍርና ሁሉም ቤት ሲገባስ? ያን ጊዜ የገበጣ ተራ ነው። ገበጣ የሚገዛ ሰሌዳ አያስፈልገውም። ከእንቍላል መያዣ ካርቶን ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ስድስት ጕድጓድ ያለበትን ቈርጦ፣ በየጕድጓዱ አራት አራት ባቄላ ማድረግ ነው፤ ጠቅላላው 48 ይሆናል። መቍጠር የሚያስጠላው ልጅ በገበጣ ግን ሳያውቀው ይደምራል፤ ይቀንሳል፤ ባላጋራው ቀጥሎ የሚያደርገውንም ያስባል። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ የሚታወቁ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። ከነዚህ መካከል አያታችሁ የሚያውቁት የትኛው ነው? ዛሬ ካልተጠየቁ ነገ የሚመልስ ላይኖር ይችላል። ቅልብልቦሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ እንቆቅልሽና ተረትም እንዲሁ ናቸው፤ ከሰው ወደ ሰው ካልተላለፉ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጠው አይጠብቁንም።

ዝናሙን ራሱንም የጨዋታ ዕቃ ማድረግ ይቻላል። ወገቡ ቀጥ ያለ ባዶ ቆርቆሮ ከጣራ ጠብታ ራቅ ብሎ በግልጥ ቦታ ይቀመጥ። ልጁ በየጧቱ በአንድ ሰዓት ላይ ማስመሪያውን ቀጥ አድርጎ ውስጡ ያቆምና የውኃውን ከፍታ በሚሊሜትር ይጻፍ፤ ከዚያ ይድፋው። አንድ ሚሊሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ አሥር ሚሊሜትር በጣለበት ሌሊት ሃያ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣራ ሁለት መቶ ሊትር፣ ማለት አንድ ሙሉ በርሜል ተቀብሏል ማለት ነው። ልጁ ይህን ራሱ አስልቶ ሲያገኘው ውኃ ወረፋ ይዞ የሚቀዳው አባቱም ቢሆን ይደነቃል።

ግቢ ያለው በግቢው፣ ሰገነት ብቻ ያለው በተበሳ አሮጌ ሳፋ ወይም በተቈረጠ ጀሪካን ጐመን ይዝራ። በሐምሌ መጀመሪያ የተዘራ ጐመን ለእንቍጣጣሽ አካባቢ ቅጠሉ ይቀነጠሳል። «ጐመን በጤና» የሚባለው ተረት በገዛ እጁ ላበቀለው ልጅ ሌላ ጣዕም አለው፤ ጐመን አልበላም ሲል የነበረውም ያን ቀን ይበላል።

የክረምቱ አቈጣጠርም ራሱ ለልጆች የተዘጋጀ ስጦታ አለበት። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ ለቡሄ ሙልሙል ግን ይበቃል! በዋዜማው ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ያቡኩ፤ ያድበልብሉ፤ ለሚጨፍሩት ጓደኞቻቸውም ራሳቸው ያድሉ። ከዚያ ጥቂት ቀን ዘግየት ብሎ በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ ይከበራሉ። ጳጉሜ 3 ቀን የሩፋኤል ዕለት ዝናም ሲጥል ልጆች ወጥተው ይጠመቁበታል። በመጨረሻም ዐደይ አበባ ይመጣል። ለእነዚህ በዓላት የሚያስፈልገው ዱቄት፣ ወረቀትና የቀለም እርሳስ ብቻ ነው። የሚቀረው ትልቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ትርጕማቸውን መንገሩ ነው።

አንዳንድ ሰው «ቅዳሜ አንዲት የዕረፍት ቀኔ ናት፤ እርሷንም ለሰው ልጅ ልስጥ?» ይል ይሆናል። መልሱ ሒሳብ ነው። ዕቁቡ የማይኖር ቢሆን በዘጠኙም ቅዳሜ ልጁ «ምን ላድርግ?» እያለ ይጐትተዋል፤ ዕቁቡ ካለ ግን ሁለት ቅዳሜ ይሠራል፤ በቀሩት ቅዳሜዎች ጧት ያለ ጭንቀት ይተኛል ወይም ያነባል። ሌላው ደግሞ «የሰው ልጅ ኀላፊነት ያስፈራል» ይላል። ያስፈራል፤ ስለዚህም ነው ወረቀቱ፣ ዋሱና የልጆቹ ቍጥር መወሰኑ ያስፈለገው። ነገር ግን ልጁን ብቻውን በወንዝ ዳር መተው ከዚህ የበለጠ ሊያስፈራ ይገባል።

ገና ያላገባችሁ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች «ይህ የወላጅ ጕዳይ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። ለክረምት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ዕቁቡ እጅግ የሚፈልጋችሁ እናንተን ነው፤ እግራችሁ አልደከመም፤ የተማራችሁትም ገና ትኩስ ነው። ታሪክ የተማረ የሐውልቱን፣ ዕፅዋት የተማረ የጽዱን፣ ሒሳብ የተማረ የዝናሙን ነገር ለልጅ በሚገባ ቋንቋ መናገር ይሞክር። ለልጅ ማስረዳት ያቃተን ነገር ራሳችንም በሚገባ ያላወቅነው ነው፤ ይህንም ከማንኛውም ፈተና ይበልጥ ልጆች ይነግሩናል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ጸሐፊው የልጆቹን ስም ሲመዘግብ ከቤታችን ውስጥ አንዲት ስም እንዳትረሳ። ከገጠር መጥታ ሕፃን የምታዝልልን፣ እንጀራ የምትጋግርልን የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በብዙ ቤት አለች። ዘመድ ትሁን ሠራተኛ፣ እርሷም ልጅ ናት። ልጆቻችን ድንቅነሽን አይተው ሲመለሱ በር የምትከፍትላቸው ብቻ ሆና ከቀረች፣ በዚያ ጧት ከሙዚየሙ የበለጠ ክፉ ትምህርት ከቤታችን ተምረዋል ማለት ነው። ስለዚህ ስሟ ከሌሎቹ ጋር ይጻፍ፤ ቆሎዋም ይቋጠርላት።

መስከረም ሲጠባ መምህራን ለተማሪዎች የሚሰጡት የመጀመሪያ ድርሰት የታወቀ ነው፤ «ክረምቱን እንዴት አሳለፍህ? እንዴት አሳለፍሽ?» የሚል ነው። ብዙ ልጆች እርሳሳቸውን ነክሰው ጣራ ጣራ ያያሉ። እኛ ሁለት ቅዳሜ ብንጥል ግን ቢያንስ አራት ቤት ልጆች የሚጽፉት አያጡም። ሐምሌ ሳይጋመስ ዳኛችሁን ምረጡ፤ ዕጣውንም አውጡ።